ስሙን ሸፍናችሁ ጀምሩ፦ የውድ ሌዘር ቦርሳን ጥራትና ዋጋ መለያ መመሪያ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ በፊት አቃቂ አካባቢ ቦርሳ የሚሰራ ወርክሾፕ ውስጥ ሌዘር ቆራጭ ነበርኩ። ጎረቤት ይህን ካወቀ አለቀ። እሁድ እሁድ በሬ ይንኳኳል፣ ከፌስታል ውስጥ ቦርሳ ይወጣል፣ "እስቲ እየው፣ ኦርጅናል ነው?" እባላለሁ። ችግሩ ሁሉም የሚመጡት ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የሚሸወዱበት መንገድ ደግሞ ያው ነው። መጀመሪያ ስሙን ያያሉ። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ሁሉ ምክንያት ይገኝለታል። ስፌቱ ሲጣመም "የእጅ ስራ ስለሆነ ነው"፣ ሲሸት "አዲስ ስለሆነ ነው"። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ስሙ የሚታየው መጨረሻ አካባቢ ነው። ደረጃ አትዝለሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያዙ፤ ያረጀ ቲሸርት ቁራጭ ይበቃል። ማስመሪያ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ሁለት ባለ 1 ሊትር ውሃ ጨምሩ። አጉሊ መነፅር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ታያላችሁ። የስልኩ ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ መብራቱንም ትፈልጉታላችሁ።

ሰዓቱን እናንተ ምረጡ፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ። ማታ በአምፖል ቦርሳ አይገዛም። መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን የገዛች ሴት አውቃለሁ። ጥቁር ነው ብላ የወሰደችው ጠዋት ስታየው ጥቁር ሰማያዊ ነበር።

ሻጯ ብዙ ጊዜ የምታውቋት ሰው ናት። እህቷ ከዱባይ ልካላት፣ ወይ ራሷ ከቤይሩት ስትመለስ ይዛው መጥታ ይሆናል። ይሉኝታ ገንዘብ የሚያስከፍለው እዚህ ጋ ነው። አስቀድማችሁ በስልክ እንዲህ በሏት፦ "የኔ እህት፣ 20 ደቂቃ ስጪኝ፣ ረጋ ብዬ ልየው። ከወደድኩት ስለ ዋጋ እንነጋገራለን።" እሺ ካላለች፣ ወይም "ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቶሎ በይ" ካለች፣ ለዚያ ሌላ ሰው ተዉለት።

ደረጃ 1፦ ስሙን ሸፍኑ

ፊት ለፊት ያለውን አርማ በመሀረብ ሸፍኑ። ፕላስተር ወይም ስኮች አትለጥፉበት፤ ሲነሳ የሌዘሩን ቀለም ይዞ ሊነሳ ይችላል። ቦርሳው ገና የእናንተ አይደለም።

ሻጯ ብትስቅ ትሳቅ።

ደረጃ 2፦ ሌዘር መሆኑን አረጋግጡ

የቦርሳ ፊት ይዋሻል። ጠርዙ ግን መዋሸት ይከብደዋል። ስለዚህ ጥሬ፣ ማለትም ያልተቀባና ያልታጠፈ ጠርዝ ፈልጉ። የማንገቻው ቀዳዳዎች ጥሩ ቦታ ናቸው፤ አንዱን ቀዳዳ በጣት ለጠጥ አድርጋችሁ የስልክ መብራት አብሩበት። የውስጥ ኪስ አፍ፣ የዚፑ ጫፍ ስር፣ ማንገቻውን የሚይዘው ቀለበት ስርም እዩ።

የምታዩት ከሚከተሉት አንዱ ነው፦

ጠጉር ጠጉር የሚል፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ ካለ ሌዘር ነው። ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከስር በሽመና የተሰራ ጨርቅ ካያችሁ አርቲፊሻል ነው። ከላይ ፕላስቲክ፣ መሀሉ ደግሞ እንደ ተጠቀጠቀ መጋዝ ፍርፋሪ ከሆነ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጋገረ ነው። ይህ የመጨረሻው ዓይነት፣ ሻጩም ሳይዋሽ "ሌዘር አለው" የሚልበት ስለሆነ በጣም ይሸውዳል። ጥቂት ዓመት አገልግሎ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይላጣል።

ጠርዝ ካላገኛችሁ አውራ ጣታችሁን አካሉ ላይ ጫን አድርጉ። ሌዘር ከጣታችሁ ዙሪያ ስስ ሽብሽብ እያወጣ ይሰበሰባል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ፕላስቲክ እንዳለ ሰርጎድ ይላል። ቀጥሎ በአጉሊ መነፅር የጠጉር ቀዳዳዎቹን እዩ። የእንስሳ ጠጉር በእኩል ርቀት አይበቅልም። አንድ አይነት ቅርፅ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ከተደጋገመ በማሽን የታተመ ነው። ይህ ብቻውን ግን አርቲፊሻል አያሰኘውም፤ እውነተኛ ሌዘር ላይም ቅርፅ ይታተማል። ስለዚህ ወደ ጠርዙ ተመለሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ላይተር የሚያበራላችሁን ሻጭ አትመኑት። እሳቱን አንዴ እልፍ ሲያደርገው አርቲፊሻሉም ላይቃጠል ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ቢይዘው ደግሞ እውነተኛውም ይቃጠላል። ቲያትር ነው። የውሃ ጠብታውም እንደዚያው ነው። ፊቱ የተቀባ ጥሩ ሌዘር ውሃ አይጠጣም፣ ያልተቀባው ይጠጣል፣ ሁለቱም ሌዘር ናቸው። ሽታም አትመኑ፤ የሌዘር ሽታ ይረጫል።

ውሃ ጠብቶበት ክብ ምልክት ከቀረ አትሹት። ንፁህ ጨርቅ አርጥባችሁ ያንን ክፍል በሙሉ ከስፌት እስከ ስፌት ቀለል አድርጋችሁ እኩል አርጥቡ፣ ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረጋችሁት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የእንግሊዝኛ "ጄኑዊን ሌዘር" ማህተምም ደረጃ አይነግራችሁም፤ በጣም ርካሹም ይታተምበታል። ታጉ ላይ የተዘረጋ ቆዳ ቅርፅ ካለ ሌዘር፣ አራት ማዕዘን ዳይመንድ ቅርፅ ካለ ሌላ ቁስ ማለት ነው። ምልክቱ የአውሮፓ የጫማ ሕግ ነው፣ ግን ቦርሳ ላይም ይለጥፉታል። የቆዳውን ቅርፅ ፎርጅድ ሰሪም ማተም ይችላል። ዳይመንዱን ግን ወዶ የሚያትም የለም፤ ካያችሁት እመኑት።

ደረጃ 3፦ ሌዘሩ ምን ያህል ጥሩ ነው?

ሌዘር መሆኑ ብቻ ዋጋ አያወጣም። አሁን ፊቱ የተፋቀ መሆን አለመሆኑን እዩ። ምርጡ ፊቱ ሳይፋቅ የሚሰራው ነው። ቀዳዳው፣ ጥቃቅን ጭረቱ፣ አንዳንዴ የደም ስር መስመሩ ይታያል። ጠባሳ የበዛበት ቆዳ ግን ፊቱ ይፋቅና ወፍራም ቀለም ይለብሳል። ሲነካ ቀዝቃዛና እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ለዋጋ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆራጭ እንደነበረ ሰው ልናገር። የኛ ደጋ በግ ሌዘር ስስ፣ ለስላሳና ለስስነቱ ጠንካራ ነው፤ ለጓንት በዓለም የሚፈለገው ለዚህ ነው። የባቲ ፍየልም ስሙ የታወቀ ነው። ጠላታቸው እከክ ነው። ቅማልና መሰል ተባዮች ቆዳው ላይ የሚተዉት ጥቃቅን ጉብታ ነው፤ ጠጉሩ እያለ አይታይም፣ ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲወልቅ ብቅ ይላል። ቦርሳውን ወደ ብርሃን አጋድሉትና በአግድም ተመልከቱት። ሰርገኛ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ ካያችሁ እከክ ነው። አያስቀድደውም፣ ዋጋ ግን ይቀንሳል። የቢላዋ ምት ግን ሌላ ነገር ነው። ገፋፊው የሳተበት ቦታ ከጀርባ ስስ ይሆናል፣ ከዚያ ነው የሚቀደደው።

ቀጥሎ ከፊት ያለውንና ከጎን ያለውን ቁንጥጥ አድርጋችሁ አወዳድሩ። ሽብሽቡ ደቃቅ ከሆነ ከጀርባ የተቆረጠ ነው። ሻካራና ሰፊ ሆኖ ፊቱ ከስሩ የተለየ ከመሰለ ከሆድ የተቆረጠ ነው። ልምድ ያለው ቆራጭ የሆዱን ክፍል ከስርና ከውስጥ ይደብቀዋል፤ እኛም እንደብቀው ነበር። እጀታ ላይ ካገኛችሁት ግን ሰርቶ አደሩ ቸኩሏል፣ እጀታው ይለጠጣል።

በመጨረሻ ነጩን ጨርቅ በትንሹ አርጥቡና ስር ያለ የማይታይ ቦታ ላይ 10 ጊዜ እሹ። ቀለም ከለቀቀ አቁሙ። ያ ቦርሳ ለበዓል ከነጭ ነጠላ ጋር ሲያዝ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ደረጃ 4፦ ስፌትና ጠርዝ

አብዛኛው ሰው ስፌቱ ቀጥ ማለቱን አይቶ ያልፋል። አይበቃም። ቁጠሩ።

ማስመሪያውን እጀታው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ላይ አስጠጉ። በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ስፌት አለ? በሌላው በኩልስ? ጥሩ ቦርሳ ሰሪ ቤት ግራና ቀኙን እኩል ያደርጋል። የማሽን ስፌት ነውር አይደለም፣ ብዙ ውድ ቦርሳ በማሽን ነው የሚሰፋው። በእጅ የሚሰፋው በሁለት መርፌና በአንድ ክር ነው። በትንሹ ወደ ጎን ያዘነበለ ይመስላል፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም።

ከዚያ ጠርዙን እዩ። ባለቀለሙን ጠርዝ በቀስታ አጥፉና ዘርጉ። ጥሩ ቀለም አብሮ ይታጠፋል። መጥፎው ይሰነጠቃል።

አንዲት ጎረቤቴ ይዛው የመጣችው ቡናማ ቦርሳ ላይ ከግራ 11፣ ከቀኝ 9 ስፌት ቆጠርኩ። ከቀኝ በኩል የመጨረሻው ስፌት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለቴ ገብቶ ሌዘሩን ሊበጥሰው ደርሷል። እጀታውን ጎንበስ ሳደርገው የጠርዙ ጥቁር ቀለም እንደ ጥፍር ቀለም ተላጠና ከስሩ ግራጫ ካርቶን ብቅ አለ። የጫማ ካርቶን! አካሉ ግን ፊቱ ያልተፋቀ ደህና የበሬ ሌዘር ነበር። እንዲህ አይነት ድብልቅ አዘውትሮ ያጋጥማል። ስለዚህ አንድ ክፍል አይታችሁ ሁሉንም አትፍረዱ። ለየብቻ ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ብረታ ብረቱ

ማግኔቱን ዘለበቱ ላይ አስጠጉ። ከሳበው ብረት አለበት፣ ሲላጥ ሊዝግ ይችላል። ካልሳበው ናስም ርካሽ ቅይጥም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም። በእጅ ሲመዘን ናሱ ይከብዳል። የቁልፉ ውስጥ ያለ ስፕሪንግ ወይም ማግኔታም መዝጊያ ከሳበ ምንም ማለት አይደለም።

ዚፑን 10 ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ማዕዘን ላይ ሲደርስ መያዝ የለበትም። ቢይዝ አትጎትቱ፤ ወደ ኋላ መልሱ፣ ጥርሶቹን በነጭ ሻማ አሹና እንደገና ሞክሩ። ከዚያ በኋላም የሚይዝ ከሆነ ዚፑ የተሰፋው ጠማማ ነው። ዚፕ መቀየር ማለት ቦርሳውን መፍታት ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ውስጡና ጭነቱ

ፎደራውን ወደ ውጭ ጎትቱ። ልል ሆኖ የሚከተል ከሆነ ሳይያዝ ነው የተሰፋው። አፍንጫችሁን አስገቡ። ጠንካራ የማስቲሽ ሽታ ካለ በስፌት ፈንታ በማስቲሽ የተያዘ ብዙ ቦታ አለ ማለት ነው። የሻጋታ ሽታ ካለ ማዕዘኖቹን በመብራት ፈልጉ። በቆየ ውድ ቦርሳ ውስጥ ኪሱ ሊያጣብቅ ይችላል፤ የሰው ሰራሹ ሽፋን እያረጀ ሲሟሽሽ ነው። ፎርጅድ አያሰኘውም፣ ግን ፎደራ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ቀንሱ።

አሁን ሁለቱን የውሃ ጠርሙሶች አስገቡ፣ 2 ኪሎ መሆኑ ነው። በእጀታው ለ10 ደቂቃ በር መያዣ ላይ ወይም በእጃችሁ አንጠልጥሉት። የጠርሙሶቹ ክዳን መጥበቁን ሁለቴ አረጋግጡ፤ እኔ አንዴ ረስቼ የሰው ቦርሳ አጥቤያለሁ። ሲያልቅ የእጀታውን ስር እዩ። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ከተለጠጡ ቦርሳው ልብስ ላይ የሚያምር እንጂ ዕቃ የሚይዝ አይደለም።

ደረጃ 7፦ መሀረቡን አንሱ

እስካሁን የጻፋችሁትን አትሰርዙ። አሁን ስሙ ከጻፋችሁት ጋር ይስማማል ወይ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

ሉዊ ቪቶን ከሆነ፦ ባለ ፊደል አበባው ቡናማ የታወቀው ጨርቅ መጀመሪያውኑ ሌዘር አይደለም። ፕላስቲክ የለበሰ ሸራ ነው። "ሌዘር አይደለም፣ ፎርጅድ ነው" ብላችሁ አትጣሉት። ሌዘሩ እጀታውና ጠርዙ ነው፤ ያልተቀባ ስለሆነ በፀሐይና በእጅ ወዝ እየጠቆረ ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። ብዙ ዓመት ተይዟል የተባለ ቦርሳ እጀታው ነጣ እንዳለ ከሆነ፣ ወይ ተቀይሯል ወይ ታሪኩ ውሸት ነው። ስፒዲ በሚባለው ቦርሳ በአንዱ ጎን ፊደሎቹ ተገልብጠው ማየት ስህተት አይደለም፤ ሸራው ከስር ሳይቆረጥ ዞሮ ስለሚወጣ ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሰሩት ውስጥ የታተመውን የምርት ጊዜ ኮድ ማይክሮቺፕ ተክቶታል። ስለዚህ "አምና የተገዛ ነው" የተባለ ቦርሳ ኮድ ታትሞበት ካገኛችሁ ጠይቁ።

ሻኔል ከሆነ፦ የተጠላለፉትን ሁለት ሲዎች እዩ። ከላይ የቀኙ ሲ በግራው ላይ ያልፋል፣ ከታች ደግሞ የግራው በቀኙ ላይ። ብዙ ፎርጅድ እዚህ ይወድቃል። መስመር የተሰፋበት ቦርሳ ከሆነ የኋላው ኪስ ሲዘጋ መስመሮቹ ከአካሉ ጋር መግጠም አለባቸው።

ኸርሜስ ከሆነ፦ "ካርዱም አለው" ካሏችሁ ተጠንቀቁ። ይህ ቤት ለቦርሳዎቹ የኦርጅናልነት ካርድ አይሰጥም። ካርዱ ራሱ ነው የሚያጋልጠው።

ካርቶንና የጨርቅ ከረጢት ለየብቻቸው ይሸጣሉ። ደረሰኝም ይታተማል። ሁሉም ምልክት ቢስማማ እንኳ ጥሩ ፎርጅድ ሊያልፋችሁ ይችላል። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ በክፍያ ለሚመረምሩ አጣሪዎች ላኩ። ወጪው ከሚጠፋው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 8፦ ዋጋ ማውጣት

ስሙ ከተረጋገጠ፦ ሀ) የዛሬ የአዲሱን ዋጋ ከራሱ ከቤቱ ድረ ገፅ እዩ። ክላሲክ የሚባለው የሻኔል ቦርሳ መካከለኛው መጠን አዲስ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው፤ ሻጯ በ20 ሺህ ብር "አዲስ ነው" ካለች ሂሳቡ አልቋል። ለ) ያገለገለውን ፋሽንፋይል ወይም ቬስቲዬር ኮሌክቲቭ በሚባሉት ያገለገለ ውድ ዕቃ መሸጫ ድረ ገፆች ላይ ፈልጉ። የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ያዙ። ሐ) በዛሬ ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በተገዛበት ብር አትደራደሩ፤ ብሩ በገበያ ዋጋ ከተተወ ወዲህ ያ ቁጥር አይሰራም። ሻጯም ያንን ታውቀዋለች፣ እናንተም እወቁት። መ) እጀታ፣ ዚፕ፣ ፎደራ ማሰሪያውን ቀንሱ። ሠ) እዚህ መልሳችሁ ብትሸጡት ገዢው ጥቂት መሆኑን አስባችሁ ጥቂት ተጨማሪ ቀንሱ።

ስሙ ካልተረጋገጠ ወይም አገር ውስጥ የተሰራ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ሌዘር እዚህ የሚሸጠው በካሬ ፊት (ስኩዌር ፉት፣ 30 በ30 ሴንቲሜትር ገደማ) ነው። የቦርሳውን ክፍሎች በማስመሪያ ለኩ፣ ለብክነት ሩብ ያህል ጨምሩ፣ የዛሬውን የካሬ ፊት ዋጋ ሌዘር ሻጭ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ብረታ ብረት፣ ፎደራና የእጅ ዋጋ ደምሩ። ያ ነው የቦርሳው እውነተኛ ዋጋ። ጥሩ ዲዛይን ከሆነ ከዚያ በላይ መክፈል ነውር የለውም። ምን ያህሉን ለሌዘሩ፣ ምን ያህሉን ለዓይናችሁ እንደከፈላችሁ ግን ታውቁታላችሁ።

የጎረቤቴን ቡናማ ቦርሳ እንዲህ ነው ያወጣነው። ለአንዴም ቢሆን ሳትከፍል ነው የመጣችው። 38 ሺህ ብር ተጠይቃለች። አርማው የሻኔል ነበር፣ ግን ከላይም ከታችም የቀኙ ሲ በግራው ላይ ያልፋል፤ ስሙ ወደቀ። ሌዘሩን ለካን፣ የእጀታ ማስቀየሪያ ቀነስን፣ 4,500 ወጣ። ሻጯ ስትሰማ "ታዲያ ስሙስ?" አለች። ጎረቤቴ "ስሙን አንቺ ያዢው" አለቻት። በ5,000 ተስማሙ። አርማውን እኔ ነቅዬ ሰጠኋት፤ ቀዳዳው ላይ አንድ ቁራጭ ሌዘር ሰፋሁበት።

ደረጃ 9፦ ክፍያና የመጀመሪያው ክረምት

በስሙ ምክንያት ትልቅ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ በባንክ አስተላልፉ። አንድ ወረቀት ላይ "አጣሪ ፎርጅድ ካለው በ10 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ይመለሳል" ብላችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ምስክር ይኑር። የምትተማመን ሻጭ ትፈርማለች።

ቤት ስትገቡ ውስጡን በነጭ ወረቀት ሙሉት። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ፎደራው ላይ ይቀራል። በፌስታል አታስሩት፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኑት። የኛ ሰፈር አዲስ ሕንፃ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ይረጥባል፣ ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ አርቁ። ሻጋታ ካያችሁ ቤት ውስጥ አታራግፉት። በረንዳ አውጡና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ካልሆነ ብናኙ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ጫማ ላይ ያርፋል።